«ኦኬ» አባቷ ይታወቃል

ሰሞኑን አንዲት ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «አንተ የቃል ነገር ትወዳለህ፣ ይቺን እያት» ብለው ነው። ስለ «ኦኬ» የተጻፈች ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋችን ስለማትጠፋው ስለዚያች ቃል።

አነበብኳት። አጻጻፏ ያምራል፣ ሳላስበው እስከ መጨረሻው ወሰደችኝ። በምትለው ነገር ግን አልተስማማንም። ላላነበባችኋት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ሲጀምሩ የ«ኦኬ» መነሻ ምስጢር ነው፣ ማንም አያውቀውም ይላሉ። ወዲያው ደግሞ መነሻዎቹን መደርደር ይጀምራሉ። አንደኛ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የወታደር ምልክት ነበር። ሁለተኛ፣ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል በደንብ ስላልቆጠሩ በስሕተት የፈጠሩት ነው። ሦስተኛ፣ ከቾክታው፣ ከግሪክ ወይም ከምዕራብ አፍሪካ ነው። አራተኛ፣ የእሳቸው ልብ ያዘነበለበት፣ ከግዕዙ «ኦሆ» የተወሰደ ነው። ትርጉሙ ደግሞ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ «እሺ» ማለት ነው፣ አለቀ። ስለዚህ «ኦኬ»ን ትተን ወደ «እሺ» እንመለስ።

ለአንዲት ልጅ አራት አምስት አባት ሲቆጠርላት ነገሩ ያጠራጥራል። የ«ኦኬ» አባት ግን ይታወቃል። የተወለደችበት ቀን ሳይቀር ይታወቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ከጦርነቱ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። እንደ ጸሐፊው አባባል ወታደሮቹ ከውጊያ ሲመለሱ ሰሌዳ ላይ ሁለት ምልክት ይጽፉ ነበር። «ኦ» ዜሮ ናት። «ኬ» ደግሞ «ኪልድ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል። ዛሬ ማንም አልሞተብንም ለማለት ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እንባም ያመጣል። ጦርነቱ የተጀመረው ግን በ1861 ነው። «ኦኬ» ጋዜጣ ላይ የታተመችው በ1839 ነው። አባት ሳይወለድ ልጅ 22 ዓመት ሞላት ማለት ነው። ቴሌግራፍ የፈጠራት ናት የሚሉም አሉ። የሞርስ መስመር ከዋሽንግተን ባልቲሞር የተከፈተው በ1844 ስለሆነ እሱም ዘግይቷል።

የጃክሰኑ ወሬ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ወሬው እንዲህ ነው። ጃክሰን ወረቀት ሲያጸድቁ «ኦል ኮሬክት» ለማለት ይፈልጋሉ፣ «ሁሉም ትክክል» እንደማለት። ከዚያ ሆሄው ይሳሳትባቸውና «ኦ» እና «ኬ» ብለው ይጽፋሉ። እርግጥ ጃክሰን ሆሄ ይሳሳቱ ነበር፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን ጠበቃ ነበሩ። ቴነሲ ውስጥ ዳኛ ሆነው አገልግለዋል። በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ በሽ በሽ ነው። ወሬው ብቅ ያለው በ1840ው የምርጫ ዘመቻ ነው፣ ሰውየው ሥልጣን ከለቀቁ ከሦስት ዓመት በኋላ። የተቃዋሚ ወገን ለማሾፍ ያወጣው ነው። የምርጫ ሰሞን ቀልድ ነበር፣ ሲውል ሲያድር ታሪክ ሆነ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ይጠቅሳሉ። ያን ያህል መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። መዝገቡ በ1790 ቴነሲ ውስጥ፣ ሰምነር በሚባል አውራጃ የተጻፈ ነው። ጃክሰን አንድ ሰው በባርነት የተሸጠበትን ውል ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። መዝገቡ ላይ ሁለት ፊደል አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ኦ.ኬ.» ተብሎ ተነበበ። በኋላ መዝገቡን ደግመው ያዩ ሰዎች ግን «ኦ.አር.» ሆኖ አገኙት። «ትእዛዙ ተመዝግቧል» የሚል ምሕጻር ነው። የእንግሊዝኛው «አር» እግሩ ሲወላገድ «ኬ» ይመስላል። እኛስ ብንሆን በጥድፊያ የተጻፈ «ለ» «ሰ» እየመሰለን ስንት ሰው ስሙን አበላሽተንበታል?

አሁን ወደ ልደቷ እንሂድ።

ቦታው ቦስተን ነው። ቀኑ ማርች 23፣ 1839። እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ካሳ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ አልሆነም። ጋዜጣው ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ይባላል፣ አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን። በዚያ ሰሞን የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ የልጅ ጨዋታ ይዟቸው ነበር። ሐረግ ይዘው በመጀመሪያ ፊደሎቹ ያሳጥሩታል። ይህ ሲሰለቻቸው ደግሞ መጀመሪያ ሆሄውን ሆን ብለው ያበላሹና ከዚያ ያሳጥሩታል። ቀልዱ እዚያ ላይ ነው።

በእኛ ፊደል ልሞክረው። «ሁሉም ትክክል» የሚለውን በወጉ ብናሳጥረው «ሁ.ት.» ይሆናል። አሁን ፊደል ያልቆጠረ ሰው መስለን «ኡሉም ትክክል» እንበለው። ምሕጻሩ «ኡ.ት.» ሆነ። ይህንን «ኡ.ት.» ጋዜጣ ላይ አምጥተን እንለጥፈዋለን፣ የገባው ይስቃል። ቦስተኖች ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ኦል» በእንግሊዝኛ በትክክል ሲጻፍ የሚጀምረው በ«ኤ» ነው። «ኮሬክት» ደግሞ በ«ሲ»። እነሱ ሁለቱንም አበላሽተው «ኦ.ኬ.» አሉ። «ሁሉም ትክክል» የሚለው ነገር አንዱም ፊደሉ ትክክል አይደለም። እኔ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ግሪን ያን ቀን የጻፈው ቁምነገር እንዳይመስላችሁ። ከፕሮቪደንስ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ ጋር እየተነቋቆረ ነው። ነገሩ የደወል ድምፅ እንቃወማለን ስለሚል የቀልድ ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሰዎች በፕሮቪደንስ በኩል ቢያልፉ ያኛው አዘጋጅ ይጋብዛቸው፣ የጠርሙሱ ቡሽ ይፈንጠር፣ ሁሉ ነገር «ኦ.ኬ.» ይሁን ይላል። አጠገቧ ላይ ፍቺዋን ጽፎላታል፣ «ሁሉም ትክክል» ብሎ። የዓለም ቃል የሆነችው ቃል የገባችው የሁለት ጋዜጠኛ ብሽሽቅ ውስጥ ነው።

ብቻዋንም አልነበረችም። ወንድም እህቶች ነበሯት። «ኦል ራይት» የሚለውን አበላሽተው «ኦ.ደብሊው.» ይሉት ነበር። «አይሆንም» የሚለውን «ኖ ጎ»ን «ኬ.ጂ.»፣ «አይጠቅምም» የሚለውን «ኖ ዩዝ»ን «ኬ.ዋይ.»። ለማይረባ ነገር ደግሞ «ኤስ.ፒ.» የሚል ነበራቸው፣ «ትናንሽ ድንች» ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ሞቱ። የማን ልጅ እንደሆነች የሚነግሩንም እነሱ ናቸው። «ኦኬ»ን ከወንድሞቿ ለይታችሁ ብቻዋን ስታዩዋት ነው ምስጢር የምትመስለው። ከነቤተሰቧ ስታዩዋት የቤቱ መልክ አላት።

ታዲያ እሷ እንዴት ተረፈች? ምርጫ አተረፋት። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ዙር ይወዳደሩ ነበር። የትውልድ ቦታቸው ኒውዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ የምትባል መንደር ናት። «ኦልድ ኪንደርሁክ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እንደማለት። ፊደሎቹ ገጠሙ። ደጋፊዎቻቸው ኒውዮርክ ላይ «የኦ.ኬ. ክለብ» አቋቋሙ። «የእኛ ሰው ኦ.ኬ. ነው» ሲሉ ሁለት ነገር አንዴ ተናገሩ። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም። ያንኑ ሁለት ፊደል ይዘው «ገንዘብ የጨረሰ» በሚል ፈቱት፣ «አውት ኦፍ ካሽ» ብለው፣ «ካሽ»ን በ«ኬ» ጽፈው። ቫን ቢዩረን በዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፈው ወደ ኪንደርሁካቸው ተመለሱ። ቃሏን ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት አገሩ በሙሉ ለምዷታል። አራት ዓመት ቆይቶ ቴሌግራፍ ሲመጣ «መልእክትህ ደርሶኛል» ለማለት ከሁለት ፊደል የተሻለ ምን ይገኛል?

ይህን ሁሉ ቆፍሮ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ ይባላል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። የድሮ ጋዜጣ ገጽ በገጽ እየገለጠ ያገኘውን በ1963 እና በ1964 በተከታታይ አሳተመ። እንግዲህ «ማንም አያውቀውም» የሚለው አባባል ጊዜው ካለፈ ስድሳ ዓመት አልፎታል።

ሦስተኛው ነጥብ የባዕድ ቋንቋዎቹ ነው። እዚህ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት አግባብ አይደለም።

የግሪኩን ቶሎ ልጨርሰው። «ኦላ ካላ» ማለት «ሁሉም ደህና» ነው። ድምፁም ትርጉሙም ይቀራረባል። ግን እንዲህ ከሆነ ፊንላንዶችም «ኦይኬያ» አላቸው፣ «ትክክል» ማለት ነው። ስኮትላንዶችም «ኦክ አይ» ይላሉ። ሄይቲም ኦካይ የሚባል ወደብ አላት፣ ከዚያ የሚመጣው ሩም የተባለ መጠጥ ስም ነው የሚሉ አሉ። በዚህ አካሄድ ማንም አገር ቆፍሮ አንድ ነገር አያጣም።

የቾክታው ክርክር ከነዚህ ይሻላል። ቾክታዎች ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ናቸው። በቋንቋቸው «ኦኬህ» የሚባል፣ «እንዲህ ነው» ብሎ የሚያጸና ቃል አለ። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን ወሬ ስላመኑ ወረቀት ሲያጸድቁ በቾክታው አጻጻፍ ነበር የሚጽፉት። ፕሬዚዳንት ማመኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። የ1839ዎቹ ጋዜጦች ቾክታውን የሚያነሣ ነገር የላቸውም። ፍቺዋን ሲጽፉ የሚጽፉት የተበላሸውን «ኦል ኮሬክት» ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ኦክላሆማ የሚለው የክፍለ ግዛት ስም ራሱ ቾክታው ነው። «ኦክላ» ሕዝብ፣ «ሁማ» ቀይ። በአሜሪካ ፖስታ ቤት የኦክላሆማ ምሕጻር ምን ይመስላችኋል? «ኦ» እና «ኬ»። መልክና ዝምድና የተለያዩ ለመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የምዕራብ አፍሪካው እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ። በወሎፍ «ዋው ካይ» አጥብቆ «አዎን» ማለት ነው። ዴቪድ ዳልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር ነው የተሟገተለት። ቢያንስ መንገድ አለው። ወሎፍ የሚናገሩ ሰዎች በባርነት ተጭነው አሜሪካ ገብተዋል፣ ቃላቸውንም ይዘው ነው የገቡት። እንግሊዝኛ ከምዕራብ አፍሪካ የወሰደው ቃል አለ፣ «ባናና»ን ራሷን ፖርቱጋሎች ናቸው ከዚያ ያመጧት። ስለዚህ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የጎደለው ድልድዩ ነው። ከ«ዋው ካይ» ተነስቶ ቦስተን ጋዜጣ ቤት የሚያደርስ ወረቀት የለም። ቦስተኖቹ ደግሞ ቃሏን ከየት እንዳመጧት አፍ አውጥተው ተናግረዋል።

አሁን ወደ ራሳችን መጣን። ይቺን ጽሑፍ ሰው ሁሉ የተቀባበላት በዚህ ክፍል ምክንያት ነው።

ጸሐፊው ያልተሳሳቱት ነገር አለ። «ኦሆ» እውነተኛ ግዕዝ ነው። ትርጉሙም «እሺ» ነው። «ኦሆ በሃሊ» ማለት እሺ ባይ፣ ታዛዥ ማለት ነው። አያቴ ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆኜ ውኃ ቅዳ ሲሉኝ ከለገምኩ «ኦሆ በል እንጂ!» ይሉኝ ነበር። እና ቃሏን ጽሑፉ ላይ ሳያት የዘመድ ፊት ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። ግን ደስታ ሌላ ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው «ሆ» እንዴት «ኬ» ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ በየት በኩል ሄደ? ግዕዝ ወደ ፈረንጅ አገር የሄደበት መንገድ ጥርጊያው ይታወቃል። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የእኛ ሰው ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠዋል። ከዚያ መቀመጥ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ይዞ ወጣ፣ በ1821 ኦክስፎርድ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። ስም አለው፣ ከተማ አለው፣ ዓመት አለው። ቃል ሲሰደድ እንዲህ ነው ዱካ የሚተወው። ለ«ኦሆ» እንዲህ ዓይነት ዱካ ያሳየን የለም። ሆሄ እያበላሹ የሚስቁ የቦስተን ቀልደኞች ማታ ማታ ሉዶልፍን ያነቡ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ደግሞስ ለምን ግድ ይሆናል? ለእንግሊዝኛ ያበደርነው ነገር አለን። «ጤፍ» ብለው ይጠሯታል፣ በሳይንስ ስሟም ውስጥ ገብታለች። የእኛ መሆኗን ለማስረዳት መጨነቅ አያስፈልግም። እኛም ተበድረናል። ስንለያይ «ቻው» የምንለው የጣልያን ነው። ጣልያን ራሱ ከቬኒስ ያመጣው ነው፣ ትርጉሙ «ባሪያህ ነኝ» ነበር። ስልክ ስትዘጉ «ቻው ቻው» የምትሉ ሰዎች ሁለት ጊዜ ባሪያ ሆናችኋል ማለት ነው። ማን ተቀየመ?

ጸሐፊው «ኦኬ ማለት እሺ ነው፣ አለቀ» ያሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ላይ የሚያገባኝ ነገር አለ። ሥራዬ የኮምፒውተርና የስልክ ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ይቺ ቃል ያሰቃየችኝን ያህል ያሰቃየኝ ቃል የለም።

መጀመሪያ ሥራ ስጀምር እኔም እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። ያቺ ትንሽ ሳጥን ብቅ ስትል ከታች ያለውን «ኦኬ» ሁሉ «እሺ» ብዬ ለወጥኩት። ሥራው ሄዶ አንድ መሥሪያ ቤት ተጫነ። በሳምንቱ ለማየት ሄድኩ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ሳጥኗ ተገትራለች። «ያስገቡት መረጃ አልተቀመጠም» ትላለች። ከሥሯ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ። ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ለምን አይጫኑትም?» አልኳት።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?» አለችኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ የጻፍኩትን በልቶ፣ ጭራሽ እሺ በይ ይለኛል እንዴ?»

እውነቷን ነው። በእኛ ቋንቋ «እሺ» ማለት መስማማት ነው። እንግሊዝኛው ግን ስምምነት አልጠየቃትም። «አይተሻል አይደል?» ነው የሚላት። ተመልሼ «ገባኝ» አልኩት። በሚቀጥለው ደውላ «ለምን እንደጠፋ አልገባኝም፣ አልጫንም» አለች። በመጨረሻ «ዝጋ» አልኩትና ተገላገልን።

የሚገርመው «ኦኬ» ኮምፒውተር ላይ የገባችበት ምክንያትም የትርጉም ጣጣ ነው። አፕል በ1983 ያወጣውን ሊዛ የተባለ ኮምፒውተር ሲሠራ ቁልፉ ላይ «ዱ ኢት» የሚል ነበር፣ «አድርገው» እንደማለት። ሁለቱ ቃል ተጣብቆ ነው የተጻፈው። የእንግሊዝኛው ትልቁ «አይ» ደግሞ ከ«ኤል» ጋር አንድ ይመስላል። ለሙከራ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ «ዶልት» ብሎ አነበበው። «ዶልት» ማለት ጅል ነው። ማሽኑ ለምን ጅል ይለኛል ብሎ ተቆጣ። ቁልፉ «ኦኬ» ሆነ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ብትሰማ ኖሮ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ሌላም አለ። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያደገው። ለበዓል መጥቶ አክስቴ ሌሊት ተነስታ የሠራችውን ዶሮ ወጥ አቀረበችለት። «እንዴት ነው?» አለችው። «ኢትስ ኦኬ» አላት። አክስቴ ፊቷ በራ። «ወደደው! ጨምሪለት!» አለች ለልጇ። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ምግብ «ኦኬ ነው» ሲባል በእንግሊዝኛ «ይበላል፣ ምንም አይል» ማለት ነው። ወጡ አልተዋጠለትም ነበር። ሁለተኛ ጭልፋ መጣበት፣ ሦስተኛም መጣ። እኔም አፌን ዘጋሁ። በበዓል ቀን አክስቴን የማስቀይም እኔ ማን ነኝ?

ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ፈረንጅ «ኦኬ ነህ?» ይላል። «እሺ ነህ?» ብለን ብንተረጉመው ሰውየው ሁለተኛ ይወድቃል። እኛ «እኔን! ተጎዳህ?» ነው የምንለው። ይቅርታ ሲጠየቁ «ኢትስ ኦኬ» ይላሉ፣ እኛ «ምንም አይደል»። አለቃ «ኦኬ» ሰጠ ሲባል ይሁንታ ሰጠ ነው። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ጠፈርተኛው በዝ አልድሪን «ኦኬ፣ ኢንጂን ስቶፕ» ብሏል፣ ሞተሩ ቆሟል እንደማለት። ሰው ጨረቃ ላይ ሆኖ ከተናገራቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዷ እሷ ናት። ማን ምን ጠይቆት ነው እሺ የሚለው? «ይኸው ደረስን» ነው ነገሩ። ስልክ ላይ ደግሞ «ኬ» ብላ ብቻዋን የምትላክ አለች። ረጅም መልእክት ጽፋችሁ «ኬ» ከመጣላችሁ ተቀይማችኋል፣ ወይ ተቀይመውባችኋል።

«በዓለም ሁሉ አንድ» ላሉት፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው የሚያሳዩትን ምልክት ብራዚል ሄደው ይሞክሩት። ስድብ ነው። ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ግን ያለሱ አይሠሩም፣ «ደህና ነኝ» የሚሉት በእሱ ነው። አውራ ጣት ብቻውን ከተነሣ «ወደ ላይ ልውጣ» ማለት ነው።

«እሺ»ም ብትሆን «ኦኬ» የማትደርስበት አላት። እናቴ ከሰው ፊት ስረብሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሺ!» ካለችኝ፣ ቤት ስንገባ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ይህን «ኦኬ» ብሎ የሚተረጉም ካለ ይምጣ። «እሺ ነገ» የምንለውስ? «አይሆንም» ማለት መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ ላላ ብላ «እሽ» ስትሆን ደግሞ ዝንብ ታባርራለች።

«ኦኬ»ን እንተው የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አያከራክረኝም። ጸሐፊው «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ተርተዋል፣ ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን «እሺ»ን ማን ነካት? አማርኛ «እሺ አለ»፣ «እምቢ አለ»፣ «ዝም አለ» ይላል። አሁን ልጆቹን ስሟቸው። «ኦኬ አለኝ»፣ «ኦኬ አላለኝም»፣ «ኦኬ በለው» ይላሉ። ቋንቋው እንግዳዋን ተቀብሎ በራሱ ወግ «አለ» አጠገብ አስቀምጧታል። «እሺ»ም ቦታዋን አለቀቀችም። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አልተጣሉም።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ላቅርብ። የ«ኦሆ»ን ነገር እንዲህ በቀላሉ እንደማይተዉ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን አልተውም ነበር። ከማርች 23፣ 1839 በፊት የተጻፈ፣ «ኦኬ»ን ከግዕዝ ጋር የሚያገናኝ አንድ ወረቀት ያምጡልኝ። የተቀደደ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ፊደሉ ይነበብ ብቻ፣ «አር» አለመሆኑንም አብረን እናያለን። ካመጡ ክትፎ በእኔ ነው። ያኔ ይህን ሁሉ የጻፍኩትን ሰርዤ «ኦሆ» እላለሁ።